ልዕልት አትወጣም

ኮልፌ ውስጥ የምህረትን መልክ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ድምጿን ግን ከአስኮ እስከ ዘነበወርቅ ያልሰማ የለም። ሞንታርቦ የተጫነባት ነጭ ሚኒባስ በየሰፈሩ እየዞረች «ከሂማላያ ተራሮች አናት፣ በረዶ ከማይጠፋበት አገር፣ የበረዶ ነብር ሰፈራችሁ ገባች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ!» ስትል የከረመችው በእሷ ድምጽ ነው። የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ሸምድደውት ነበር። ኳስ ሲጫወቱ ግብ ያገባ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ሰፈራችሁ ገባች!» እያለ ይሮጣል።

የምትሠራበት የእንስሳት መዝናኛ ከዘነበወርቅ ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ፣ ድሮ የከባድ መኪና ጋራዥ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ጅቦች አሉ፣ ሰጎኖች አሉ፣ ጦጣና ዘንዶ አለ፣ ልጆች በፔዳል የሚነዷት ጀልባ ያለችበት ኩሬም አለ። ግን ጅብ ለማየት ማን ይሰለፋል? ጅቡ ማታ ማታ በየአጥሩ ሥር በነፃ ይጮህለታል። ግቢውን ጢም ያደረገችው የበረዶ ነብሯ ልዕልት ናት። ስሙን ያወጣላት የመዝናኛው ባለቤት ዓለም ነው። በአውሮፕላን፣ በብረት ሳጥን ተጭና መጣች፤ ፊቱ መስታወት የሆነ ቤት ተሠራላት፤ ከጀርባው የሲሚንቶ ዋሻ፣ ግድግዳው ላይ በረዶ እንዲመስል የተለጠፈ ነጭ ፎም፣ ጣሪያው ላይ ቀን ከሌት የሚያጓራ ኤሲ ተገጠመላት። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲዞር የቆሻሻው ጭስ ግቢው ላይ ይተኛል። እዚሁ ከተማ ተወልዳ ያደገችውን ምህረትን እንኳን ራሷን ያዞራታል። ልዕልት ያን ጊዜ ወፍራም ጭራዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ጥግ ይዛ ትተኛለች፤ ሰዉም «አይ ስታምር!» እያለ ፎቶ ያነሳታል።

የልዕልትን ወሬ ከማንም በላይ የተከታተሉት አስኮ ቤት የሚውሉት የምህረት አባት፣ አቶ ፈቀደ ናቸው። በወጣትነታቸው ከከፋ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ቴሌቪዥን ላይ የዱር እንስሳት ሲያዩ ይውላሉ። የበረዶ ነብርን ያወቋት እዚያ ነው። አንድ ቀን ቀጥ ያለ ገደል ላይ አጋዘን እያባረረች ስትወርድ አይተው ሚስታቸውን ወይዘሮ ሰርኬን ከጓዳ ጠርተው፣ «ነይ እይ፣ ይቺ ፍሬን የላትም እንዴ!» ብለው ነበር። ምህረት «አባዬ፣ እኛ ጋ እኮ መጣች» ስትላቸው መጀመሪያ አላመኑም። ካመኑ በኋላ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የምትጠብቃት ነብር» እያሉ ማውራት ያዙ። ምህረት የምትጠብቀው ማይክራፎን ብቻ መሆኑን ደጋግማ ብትነግራቸውም ጆሮ አልሰጧትም። ጉልበታቸው ሻል ያለ ዕለት ራሳቸው ሄደው ሊያዩዋት ቀጠሮ ያዙ።

ያ ቀን እሁድ ሆነ። ምህረት አርብና ቅዳሜ እረፍት ላይ ነበረች። ጠዋት ስትገባ ዓለም በሩ ላይ ጠበቃት። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲያናግር እጁን ትከሻ ላይ ጣል የማድረግ ልማድ ያለው፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው።

«ልዕልት ትንሽ ደክሟታል» አላት። «ዋሻዋ ውስጥ ናት። ሰው ሲጠይቅ ዓይን አፋር ናት፣ ጸጥታ ትወዳለች፣ ቆይታ ትወጣለች እያልሽ አረጋጊልኝ።»

«ሐኪም አይቷታል?»

«ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው» አለና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

እንዳላት አደረገች። ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። አቶ ፈቀደ ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ብቻቸውን ከተፍ አሉ።

«እንዴ አባዬ! ደውለህልኝ ቢሆን እኮ ፌርማታው ድረስ መጥቼ እቀበልህ ነበር።»

«ደግሞ ለእኔ መንገድ ልታሳዪኝ ነው?» አሉ ቆጣ ብለው፤ ዓይናቸው ግን ቀድሟቸው መስታወቱ ላይ ነበር። «የታለች?»

«ዋሻው ውስጥ ናት። ትወጣለች። እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀመጥ።»

«እሺ። እኔ አልቸኩልም» አሉና ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው ተቀመጡ።

ሰው ይመጣል፣ መስታወቱን በመዳፉ ይደበድባል፣ ያፏጫል፣ «ምን ዓይነት ነገር ነው» ብሎ ወደ ሰጎኖቹ ይሄዳል። አቶ ፈቀደ አልተነቃነቁም። መስታወቱን የሚመቱትን ይቆጣሉ። ለሚጠይቋቸው ልጆች ደግሞ እግሯ ለምን ሰፊ እንደሆነ፣ በረዶ ላይ እንዴት ሳትሰምጥ እንደምትሄድ ያስረዳሉ። ምህረት ሳምቡሳና ውሃ ስታመጣላቸው ቀና ሳይሉ ተቀበሏትና አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ብላ እንጂ አባዬ።»

«ቆይ። ሳጎነብስ ብትወጣብኝስ?»

ይሄ ነገር አንጀቷን በላው። የምሳ ሰዓት ሲሆን ማይኩን አጥፍታ ከመስታወቱ ቤት ጀርባ ዞረች። የእንስሳቱን ጠባቂ ሙሐዲንን አንድ ነገር ልትለምነው ነበር። ስትሄድ ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጎደለባት። ኤሲው ጸጥ ብሏል።

ሙሐዲን የሥጋ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሙሐዲን፣ አባቴ መጥቷል። ከረፋድ ጀምሮ አግዳሚ ላይ ነው። በአላህ፣ ሥጋ አሳይተህ አንዴ ብቅ አድርግልኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

ተነሳና የትልቁን ፍሪዘር ክዳን አነሳው። የጅቦቹ ሥጋ በፌስታል በፌስታል ተደርጎ ወደ አንድ ጥግ ተገፍቷል። በቀረው ቦታ ልዕልት ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል፤ ጸጉሯ ላይ ውርጭ ይዟል። ያ ረጅም ጭራዋ አልገባ ብሎ ሁለት ቦታ ታጥፏል።

«አርብ መብራት ጠፋ» አለ ሙሐዲን። «ጄኔሬተሩ ውስጥ ጠብታ ናፍጣ የለም። ደወልኩለት፣ 'እሺ እልካለሁ' አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳም። የከሰዓቱን ፀሐይ ታውቂዋለሽ፣ ያ መስታወት ምድጃ ነው የሚሆነው። ምላሷን አውጥታ ታለከልክ ነበር። ውሃ በባልዲ እያመላለስኩ ስደፋባት ዋልኩ። ወላሂ ምህረት፣ በሩን ከፍቼ ልልቀቃት ሁሉ ብዬ ነበር። ግን የት ትሄዳለች? ወደ ቆሼ?»

ምህረት ክዳኑን ራሷ ዘጋችውና ወጣች።

ዓለም ቢሮው ውስጥ ስልክ ያወራ ነበር። በእጁ «ቆይ» አላት። አልቆየችም።

«ልዕልት ፍሪዘር ውስጥ ናት!»

ስልኩን ዘጋ። አለመደንገጡ ከሁሉም በፊት አናደዳት።

«ሙሐዲን ነው የነገረሽ? ይሄ ሰውዬ አፉ አያርፍም።»

«አቶ ዓለም፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ዋሻ ላይ አፍጥጦ ነው ያለው! እርስዎ ነዎት እኮ ትወጣለች በይ ያሉኝ!»

«ተረጋጊ። ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ ቆመሽ ስሚኝ። የኢንሹራንስ ሰዎች ነገ ነው የሚመጡት። እስከዚያ ወሬው መውጣት የለበትም። ሕዝቡ እንደሆነ ምን ቀረበት? ሰጎን አየ፣ ጀልባ ነዳ፣ አይስክሬሙን በላ። ማን ተጎዳ?»

«እሷስ?»

«እሷማ…» አለና ትከሻውን ሰበቀ። «ተተኪ ተገኝቷል። ወንድ ነው፣ እንዲያውም ከእሷ ይገዝፋል። በሚቀጥለው ወር ይገባል። ልዑል ብንለው ብዬ እያሰብኩ ነው።»

«የት ልታስገባው? እዚያው ምድጃ ውስጥ?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ያስተዋለችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም አስተውሏል፤ ፈገግታው ጠፋ።

«ስሚ ምህረት፣ ማይክ የሚይዝ ሰው በየመንገዱ ሞልቷል። ሂጂና የከሰዓቱን ማስታወቂያ አድርሺ። አይ ካልሽ ዩኒፎርሙን አውልቀሽ ውጪ።»

ወጣች። ከቢሮው እስከ ማስታወቂያ ክፍሏ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ነገር አሰበች። ቤት ውስጥ የወር ደሞዝ ይዛ የምትገባው እሷ ብቻ መሆኗን አሰበች። የአባቷ ጉልበት ገና ክትትል እንደሚፈልግ አሰበች። ማይኩን ከፈተችው። ምላሷም የለመደውን አወረደው።

«ውድ ጎብኚዎቻችን፣ ልዕልት ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከዋሻዋ ትወጣለች። እባካችሁ ጸጥታ እንጠብቅ።»

ከተቀመጠችበት መስኮት አግዳሚው ይታያል። አቶ ፈቀደ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረባቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አጠገባቸው ለተኮለኮሉት ልጆች «ሽሽሽ… ልትወጣ ነው። እንዳታስደነግጧት» ሲሉ ከከንፈራቸው አነበበችው።

ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ነው የመጣባት። በባለቤቱ በዓለም ላይ ብቻ አልነበረም። መስታወት በሚደበድቡት ላይ፣ እንዲህ በሚያምኑት በአባቷ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ በገዛ ምላሷ ላይ ነበር። ማይኩን እንደገና ከፈተችው።

«ልዕልት አትወጣም» አለች። ድምጿ የማስታወቂያው ድምጽ አልነበረም። «ሞታለች። አርብ ነው የሞተችው፣ በሙቀት። ባለቤቱ ናፍጣ ሳይገዛ ቀርቶ ነው የሞተችው። አሁን ከጅቦቹ ሥጋ ጋር ፍሪዘር ውስጥ ናት። ከጠዋት ጀምሮ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ጠዋት አላውቅም ነበር። አሁን የተናገርኩትን ግን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ሊያመጣ ነው። ሌላ ሊያመጣ ነው፣ ትሰማላችሁ?»

ሞንታርቦው ጠቅ ብሎ ጠፋ። አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎታል።

ግቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ዓለም ከቢሮው ወጥቶ «ልጅቷ አሟታል! ውሸቷን ነው!» ይላል። ምህረት ከማስታወቂያ ክፍሏ ስትወጣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ፊት ለፊት ገጠመቻት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ አሁን ትወጣለች ያልሽው? ድምጽሽን አጣነው ወይ? ሚኒባስ ላይ ሆነሽ ስንት ወር አደነቆርሽን!» አለቻትና የያዘችውን የውሃ ፕላስቲክ ደረቷ ላይ ወረወረችባት። ምህረት አልሸሸችም። ሴትየዋ የተናገረችው እውነት ነው።

ሕዝቡ እየተገፋፋ ወደ ሥጋ ማስቀመጫው ክፍል ጎረፈ። ሙሐዲን በሩን አልዘጋም። ፍሪዘሩን ራሱ ከፈተላቸው። ስልኮች ከሰው ራስ በላይ ተደረደሩ፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «አየሃት? አየሃት?» ይላል። አንዱ የታጠፈውን ጭራ ለማቃናት እጁን ሲሰድ ሙሐዲን እጁን ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው።

«አትንኳት! በሕይወቷ ያየችው ይበቃታል!» እያለ እየጮኸ ያለቅስ ነበር።

አቶ ፈቀደ ወደዚያ አልሄዱም። ምህረት ስትደርስ አግዳሚው አጠገብ እንደቆሙ ነበሩ።

«አባዬ፣ መሄድ ትችላለህ? ከኋላ ናት…»

«እኔ እንደዚያ ሆና ልያት አልመጣሁም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው አዩዋት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅድም። ምሳ ላይ።»

«ከዚያ በኋላ ነው ትወጣለች ያልሽው?»

«አዎ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ምህረት ዩኒፎርሟን እዚያው አግዳሚ ላይ አውልቃ ጥላ ተከተለቻቸው።

አቶ ፈቀደ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ገቡ፤ እሷ ከኋላ ተቀመጠች። አስኮ እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከፌርማታው ወደ ቤት በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለምን አትናገርም? ስደበኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ፣ በሰው ፊት ተዋረድኩ፣ እውነቱን ተናገርኩ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

አቶ ፈቀደ መንገዱ መሀል ቆሙ። «ስታውቂ መጥተሽ 'አባዬ ተነስ፣ እንሂድ' ማለት አቃተሽ? ስንት እርምጃ ነው? ለማላውቃቸው ልጆች 'ዝም በሉ፣ ልትወጣ ነው' እያልኩ! በስተርጅናዬ አጃጃልሽኝ!»

«አንድ ጊዜ ነው የዋሸሁት!»

«እኔም የመጣሁት አንድ ጊዜ ነው!»

የሱቁ ሰዎች ወጥተው እስኪያዩዋቸው ተጯጯሁ። ወይዘሮ ሰርኬ በር ከፍተው «ምን ጉድ ነው?» ሲሉ ሁለቱም በየፊናቸው ገብተው ተኙ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ሰዉ ያነሳው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ፤ መዝናኛውም ለጊዜው ተዘጋ ተባለ። ምህረት ሥራ ፍለጋ ወጥታ ትመለሳለች። አንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቷ ገንዘብ ተቀባዩ «የነብሯ ልጅ አይደለሽም?» ብሎ ሳቀባት። አባቷ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳን የሚሉት በእናቷ በኩል ሆነ። ቴሌቪዥኑንም አጠፉት። ወይዘሮ ሰርኬ መሀል ሆነው ሲታክታቸው «በሉ እንግዲህ አንዳችሁ ሌላውን ግደሉና ልረፍ» ብለው ቡና ጠጡ ሳይሉ ጎረቤት ሄዱ።

አንድ ማለዳ ሙሐዲን ደወለ። ዓለም ተተኪውን ለማስገባት ጥያቄውን እንዳልሳበ፣ የእንስሳቱን ጉዳይ በሚያየው መሥሪያ ቤት ፋይሉ ገና ክፍት እንደሆነ ሰምቷል። «ሄደን እንናገር» አላት። ምህረት ነብሯ ላይ ውሃ ሲደፋ ከዋለው ጠባቂ ጋር እንደምትሄድ ለእናቷ ነግራ ወጣች። ታክሲ ተራው ላይ ከሙሐዲን ጋር ስትገናኝ ከዘራ የሚያንኳኳ ሰው ከኋላዋ መጣ። አቶ ፈቀደ ናቸው። አላነጋገሯትም። ሙሐዲንን ብቻ ጨብጠው «አንተ ነህ ውሃ ስትደፋላት የዋልከው?» አሉትና ታክሲው ውስጥ ገቡ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብዙ ከጠበቁ በኋላ አንድ ሹም ዘንድ ገቡ። ሰውዬው ሙሐዲን ሲናገር ስልኩን እያየ ነበር።

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አለ ሲጨርስ። «እናንተ ሠራተኞች ናችሁ አይደል? የደሞዝ ጸብ ካላችሁ ይሄ ቦታው አይደለም። መቼም አንዲት ድመት ሞተች ብላችሁ የሰው ኢንቨስትመንት…»

«ድመት?»

አቶ ፈቀደ ነበሩ። ከዘራቸው ወለሉን ሲመታው ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ።

«ድመት አልክ? አይተሃት ታውቃለህ? እኔ ልጄ ነግራኝ፣ አምኜ፣ እህል ሳልቀምስ ጠብቄያታለሁ። በፀሐይ ተቀቅላ ከጅብ ሥጋ ጋር ነው ያስቀመጧት! አንተ የተቀመጥከው ለእሷ አይደለም እንዴ? ስልክ ለማየት ነው?»

«አባት፣ ድምጽዎን ዝቅ ያድርጉ…»

«አያደርግም!» አለች ምህረት ብድግ ብላ። «እኔም አላደርግም! ለደሞዝ አልመጣንም። ሁለተኛው እንዳይመጣ ነው የመጣነው! በመጣ ማግስት እንደዚያችው ቢሆን አንተን ነው በሞንታርቦ በየሰፈሩ የምጠራህ። ድምጼ የት ድረስ እንደሚሰማ ኮልፌን ጠይቅ!»

«ጥሪው!» አሉ አቶ ፈቀደ። «ስሙን ጠይቂውና ጥሪው!»

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከላይ ያለው ኃላፊ ጩኸቱን ሰምቶ ወርዶ መጣ፣ ሦስቱንም ወደ ራሱ ቢሮ ወስዶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነገራቸው፤ ስልኩንም አላየም። ተተኪው ነብር እንዳይገባ መከልከሉን ከሙሐዲን የሰሙት ዘግይተው፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ግን ማንም ቃል የገባላቸው አልነበረም።

ሲወጡ ፀሐዩ ከሯል። ሙሐዲን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። አባትና ልጅ ትንሽ ተራመዱ፤ የሁለቱም ፊት እንደቀላ ነው።

«ድመት ይለኛል!» አሉ አቶ ፈቀደ በድንገት።

«ደደብ!»

«ደግሞ እግሩን አንፈራጥጦ አቀማመጡ።»

«ስልኩ ላይ እኮ የኳስ ውጤት ነው የሚያየው፤ አየሁት።»

«ኳስ? ያ ባለጌ! ለምን እዚያው አልነገርሽኝም? በከዘራዬ ነበር ስልኩን የምለው!»

ታክሲ ውስጥ ገብተው ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አስኮ እስኪደርሱ ሹሙን ሲሰድቡ፣ እሱ ሲያልቅባቸው ዓለምን ሲሰድቡ፣ ረዳቱ ዞር ብሎ «ሰላም ነው?» እስኪላቸው ድረስ ድምጻቸውን ዝቅ አላደረጉም።